በአደራ የተያዘ ንብረትና ባሕር ማዶ ያለው የማስታወቅ ግዴታ
በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ለሚኖሩ፣ በውጭ አገርም ቤተሰብ ላላቸው የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ግብር መክፈልና ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው፤ ንብረቱ በአንድ አገር፣ ባለቤቱ ወይም ተጠቃሚው ደግሞ በሌላ አገር ለሚገኝ ቤተሰብ ከዚህ የሚቀድም ቁም ነገር የለም። አንድ ሰው አንዲት ሳንቲም ግብር በማይጠየቅበት ንብረት ላይ እንኳ፣ ንብረቱን በጊዜው ባለማስታወቁ ብቻ፣ ከዋጋው ሲሶ የሚበልጥ ቅጣት ሊጣልበት የሚችልበት ሕግ አለ። ይህ ሕግ የአሜሪካ የፌዴራል የግብር ሕግ ሲሆን፣ የሚመለከተውም በሕጉ አነጋገር “የውጭ አገር የአደራ ንብረት” ከሚባለው ነገር ጋር በመስጠት፣ በመቀበል ወይም በማስተዳደር ግንኙነት ያላቸውን የአሜሪካ ዜጎችና ነዋሪዎች ነው። ግዴታው የተጣለው በሚኒያፖሊስ ወይም በዋሽንግተን አካባቢ በሚኖረው ልጅ ላይ ቢሆንም፣ ግዴታውን ለመወጣት የሚያስፈልገው ውል፣ ደረሰኝና የሂሳብ መዝገብ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ በወንድም ወይም በእናት እጅ ስለሆነ፣ እዚህ ያለው ዘመድ ጉዳዩን ሳያውቅ እዚያ ያለው ሊወጣው አይችልም።

የአደራ ንብረት ማለት አንድ ሰው ከሀብቱ የተወሰነውን ለይቶ ለሌላ ሰው በማስረከብ፣ ተረካቢው ለራሱ ሳይሆን ለሦስተኛ ወገን ጥቅም እንዲያስተዳድረው የሚደረግበት ሥርዓት ነው። ሀብቱን የሚለየው አደራ ሰጪ፣ የሚያስተዳድረው ባለአደራ፣ ፍሬውን የሚያገኘው ተጠቃሚ ይባላል። ሥርዓቱ ከእንግሊዝ ሕግ የተወለደ ቢሆንም ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የአርቃቂው አገር የፈረንሳይ ሕግ በዚያን ጊዜ ያልነበረውን ይህን ሥርዓት ከአንቀጽ 516 ጀምሮ በተከታታይ አንቀጾች ደንግጎታል። በሕጉ መሠረት አደራው በስጦታ ወይም በኑዛዜ ሊቋቋም ይችላል፤ ባለአደራውም ንብረቱን ከግል ሀብቱ ለይቶ፣ አደራ ሰጪው በሰጠው መመሪያ መሠረት ማስተዳደር ይኖርበታል። ሆኖም በወለጋ ከተሞች “አደራ” ተብሎ የሚያዘው ቤት፣ ቦታ ወይም ገንዘብ በአብዛኛው በዚህ ሕግ መሠረት በጽሑፍ የተቋቋመ ሳይሆን፣ በዝምድናና በመተማመን ላይ የቆመ የቃል ስምምነት ነው። መተማመኑ የሚከበር ነገር ነው፤ ነገር ግን የሩቅ አገር የግብር መርማሪ የሚያየው ወረቀት ስለሆነ፣ ወረቀት የሌለው አደራ ለባለቤቱም ለያዡም አደገኛ ይሆናል።

ጉዳዩ በዚህ አካባቢ የበረታበት ምክንያት የወለጋ ሕዝብ ከውጭ ዓለም ጋር ያለው ትስስር ረጅም ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ከገባ በኋላ ከስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ጋር የተጀመረው የትምህርትና የሕክምና ሥራ፣ የጀርመን ሄርማንስቡርግ ሚስዮን በአይራ፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን በደምቢ ዶሎ የከፈቷቸው ተቋማት፣ ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የመጣው ስደት፣ ከዚያም የዲቪ ዕጣ ተደራርበው ብዙ ቤተሰብ በሁለት አገር እንዲኖር አድርገዋል። በተለይ በሚኒሶታ ግዛት ትልቅ የኦሮሞ ማኅበረሰብ መኖሩ የታወቀ ነው። ገንዘቡ ከዚያ ወደዚህ ይመጣል፤ ቤት ይሠራበታል፤ ቤቱ ይከራያል፤ ወላጅ ሲሞት ደግሞ ውርሱ ከዚህ ወደዚያ ይሻገራል። በዚህ ምልልስ ውስጥ በአሜሪካ ሕግ “የውጭ አገር የአደራ ንብረት” የሚባል ነገር ማንም ሳያስበው ሊፈጠር ይችላል፤ ሳያስቡት የሚፈጠር መሆኑም ነው ከሁሉ ይልቅ ማብራሪያ የሚያስፈልገው።

አንድ የአደራ ንብረት አሜሪካዊ ነው ወይስ የውጭ አገር የሚለው ጥያቄ የሚፈታው ንብረቱ ባለበት ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ሁለት መመዘኛዎችን አስቀምጧል፤ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፍርድ ቤት በአደራው አስተዳደር ላይ ዋናውን የመቆጣጠር ሥልጣን ሊኖረው ይገባል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በአደራው ላይ የሚሰጡትን መሠረታዊ ውሳኔዎች ሁሉ የመቆጣጠር ሥልጣን ያላቸው አሜሪካዊ ሰዎች መሆን አለባቸው ይላል፤ “አሜሪካዊ ሰው” ሲባልም ዜጋውን ብቻ ሳይሆን ግሪን ካርድ የያዘውንና ሌሎች ለግብር ሲባል ነዋሪ የሚባሉትን ሁሉ ይጨምራል። ከሁለቱ መመዘኛዎች አንዱ ከጎደለ ንብረቱ ለግብር ጉዳይ የውጭ አገር ይባላል። እንግዲህ በሚኒሶታ የሚኖር አንድ የነጆ ተወላጅ፣ በዚያ አገር ጠበቃ ዘንድ የቤተሰብ አደራ አቋቁሞ፣ እሱ ሲሞት ወይም ሥራውን መሥራት ሲያቅተው በነጆ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ባለአደራ እንዲሆን ቢጽፍ፣ ቤቱም የባንክ ሂሳቡም በሙሉ በአሜሪካ ያለ ቢሆን እንኳ፣ ወንድሙ ሥልጣኑን በተረከበ ዕለት አደራው የውጭ አገር ሊሆን ይችላል። በታላቅ ወንድም ላይ እምነት መጣል በባህሉ ትክክል ነው፤ ሕጉ ግን በመኖሪያውና በዜግነቱ ይመዝነዋል። በባለአደራ ሞት ወይም ባልታሰበ ለውጥ ምክንያት እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ፣ ሥልጣኑን ወደ አሜሪካዊ ሰው ለመመለስ ደንቡ የ12 ወር ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ “ባለአደራ ሁንልኝ” የሚል ወረቀት የደረሰው የወለጋ ነዋሪ ከመፈረሙ በፊት፣ ላኪው ስለዚህ መመዘኛ የግብር ባለሙያ መጠየቁን ማረጋገጥ ይገባዋል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ሁኔታ ደግሞ በከተሞቹ እጅግ የተለመደው ነው። ልጁ ከአሜሪካ ገንዘብ ይልካል፤ ቤቱ በነቀምቴ በወንድሙ ወይም በእህቱ ስም ይሠራል፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውም በዚሁ ስም ይወጣል። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 ደግሞ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ገደብ ጥሎ ቆይቷል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆኑና ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ የያዙ የውጭ ዜጎችን ከዚህ ገደብ ነጻ ቢያወጣም፣ በርቀት፣ በጊዜ እጥረት ወይም ካርዱን ባለማውጣት ምክንያት ቤቱን በዘመድ ስም ማድረግ አሁንም ይዘወተራል። በዚህ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ በስሙ ካርታ የወጣለት ወንድም በአሜሪካ ሕግ ዓይን ባለአደራ ነው ወይስ ስሙን ብቻ ያዋሰ ሰው ነው የሚለው ነው። ባለአደራ ከተባለ፣ ገንዘቡን የላከው ልጅ የውጭ አገር የአደራ ንብረት ባለቤት ተብሎ በየዓመቱ የማስታወቅ ሸክም ይወድቅበታል። ስሙን ብቻ ያዋሰ ከሆነ ግን ቤቱ በቀጥታ የልጁ እንደሆነ ይቆጠራል፤ በግል በቀጥታ የተያዘ ቤት ደግሞ በቤትነቱ ብቻ በውጭ አገር ንብረት ቅጽ ላይ አይመዘገብም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የሚረዳ አንድ ጥሩ ምሳሌ ከሜክሲኮ ይገኛል። የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጎች ከባሕር ዳርቻ በ50፣ ከድንበር በ100 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያለ መሬት በቀጥታ እንዳይይዙ ስለሚከለክል፣ አሜሪካውያን ገዢዎች ንብረቱን በሜክሲኮ ባንክ ስም በአደራ ያስይዙ ነበር፤ ይህም አደራ ሁሉ በየዓመቱ መታወቅ አለበት የለበትም የሚለው ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ካወዛገበ በኋላ፣ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት፣ በአጭር ስሙ አይ.አር.ኤስ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የውሳኔ ቁጥር 2013-14 መልስ ሰጠበት። ባንኩ ስሙን ከመያዝ በቀር ንብረቱን የመጠበቅም ሆነ የመከራከር ግዴታ ከሌለበት፣ አሜሪካዊው ገዢ ያለ ባንኩ ፈቃድ መሸጥ፣ ማከራየትና መጠቀም ከቻለ፣ የንብረቱንም ግብር ራሱ የሚከፍል ከሆነ፣ ነገሩ በግብር ሕግ ፊት አደራ አይባልም ሲል ወሰነ። ውሳኔው የተሰጠው ለሜክሲኮ ባንኮች እንጂ ለነቀምቴ ወንድሞች አይደለም፤ ግን ሚዛኑ ለሁሉም የሚሠራ ነው። በስሙ ቤት የተያዘለት ወንድም ኪራዩን በራሱ ውሳኔ የሚያውል፣ ቤቱን ለማንና መቼ እንደሚሸጥ ራሱ የሚወስን፣ ከኪራዩ ለእናት የሚሰጠውን የሚቆርጥ ከሆነ ወደ ባለአደራነት ይጠጋል፤ ወንድሙ ሲያዝዘው ብቻ የሚፈርም ከሆነ ግን ከዚያ ይርቃል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በመካከላቸው በተጻፈ ስምምነት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍና በሚመለከተው አካል ፊት እንዲደረግ ስለሚያዝ፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ቢሆን ለሁለቱም አገር ሕግ ይጠቅማል። ወንድማማቾች ይህን መጻፍ ያሳፍራቸዋል፤ ይሁን እንጂ ከማያሳፍረው ዝምታ የተነሳ በኋላ የሚመጣው ክርክር ወንድማማቾችን ሲያለያይ ይታያል።

አደራው የውጭ አገር አደራ መሆኑ ከተረጋገጠ የሚቀርቡት ዋና ቅጾች ሁለት ናቸው። ቅጽ 3520 የሚባለውን አሜሪካዊው ሰው ራሱ ያቀርባል፤ ወደ አደራው ንብረት ያስተላለፈበትን፣ ከአደራው ማንኛውንም መጠን የተቀበለበትን፣ ወይም በሕግ ባለቤቱ ነው የተባለበትን ዓመት ይመለከታል። ቅጽ 3520-ኤ ደግሞ ባለአደራው ስለ ንብረቱ ገቢ፣ ወጪና ሀብት የሚያቀርበው ዓመታዊ መግለጫ ነው። የመጀመሪያው የሚቀርበው ለገቢ ግብር ማስታወቂያው በተወሰነው ቀን፣ በሚያዝያ 15 በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖር እስከ ሰኔ 15፣ ማራዘሚያ ለጠየቀም እስከ ጥቅምት 15 ይደርሳል፤ ሁለተኛው ቀደም ብሎ መጋቢት 15 ይደርሳል። በወለጋ የሚኖር ባለአደራ የአሜሪካ ሕግ ስለማይገዛው ቅጹን ባያቀርብ እሱን የሚቀጣው የለም፤ ቅጣቱ የሚያርፈው በባለቤቱ ላይ ነው፤ በመሆኑም ባለቤቱ ምትክ ቅጽ ራሱ ሞልቶ እንዲያያይዝ ሕጉ ይጠብቅበታል። ቅጽ 3520 ላልቀረበበት ዝውውር ወይም ክፍያ ቅጣቱ ከ10,000 ዶላርና ከመጠኑ 35 በመቶ የሚበልጠው ነው፤ ለቅጽ 3520-ኤ ደግሞ ከ10,000 ዶላርና ባለቤቱ ከያዘው ሀብት 5 በመቶ የሚበልጠው ነው። ቅጹ እስካልቀረበ ድረስ መሥሪያ ቤቱ የመመርመሪያ ጊዜው አይዘጋበትም።

የቅጣቱ ክብደት በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አለመሆኑን በኒውዮርክ የሚያስችለው የሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የሰጠው ፍርድ ያሳያል። አንድ አሜሪካዊ ራሱ ያቋቋመውንና ራሱ ብቸኛ ተጠቃሚ የሆነበትን የውጭ አገር አደራ አፍርሶ 9.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የራሱን ገንዘብ መልሶ ሲወስድ ቅጹን ዘግይቶ በማቅረቡ፣ መሥሪያ ቤቱ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀጣው። ተከራካሪው ወገን ሰውዬው ባለቤት ስለሆነ የሚገባው ቅጣት 5 በመቶው ብቻ ነው ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ ሰውዬው ተጠቃሚም ስለሆነ 35 በመቶው ይጸናበታል ብሎ ወሰነ። የራስን ገንዘብ መልሶ መውሰድ እንዲህ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ከቤተሰብ አደራ ገንዘብ የተላከለት ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ግልጽ ነው።

ተጠቃሚው የሚቀበለው ነገር ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት የውጭ አገር አደራ ንብረት የሆነን ቤት አሜሪካዊው ተጠቃሚ ያለ ኪራይ ቢኖርበት፣ ሊከፍለው ይገባ የነበረው የገበያ ኪራይ እንደ ክፍያ ይቆጠራል፤ ከአደራው የተሰጠ ብድርም በተወሰኑ ሁኔታዎች ካልተጠበቀ በቀር እንዲሁ ነው። አባት በጊምቢ ያለውን ቤት በትክክለኛ የፍትሐ ብሔር አደራ ለልጆቹ ካዋለው በኋላ፣ ከአትላንታ ለክረምት የመጣች ልጅ በቤቱ ሁለት ወር ብትቀመጥ፣ በአባቷ ቤት ተቀመጠች እንጂ ምንም ተቀበለች የሚል ሰው በጊምቢ አይገኝም፤ በአሜሪካ ሕግ ግን የሚታወቅ ነገር ተቀብላለች። ሌላው ብዙዎች የማያስተውሉት ጉዳይ ወደ አሜሪካ ሊሄዱ የተዘጋጁትን የሚመለከት ነው፤ ዲቪ የደረሰው ወይም በቤተሰብ ጥሪ የሚሄድ ሰው፣ ከመሄዱ በፊት ንብረቱን በአደራ ለቤተሰቡ ካስያዘና ከዚያ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ነዋሪ ከሆነ፣ ንብረቱን ነዋሪ በሆነበት ዕለት ለአደራው እንዳስተላለፈ ይቆጠርበታል፤ አሜሪካዊ ተጠቃሚ ካለውም ባለቤት ይባላል። ጉዞውን ሲያስብ ንብረቱን ለዘመድ አስረክቦ የሚሄድ ሰው ያደረገውን በጽሑፍ ይዞ መሄዱ ስለዚህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

አደራ ሳይኖር በቀጥታ የሚሰጥ ስጦታና ውርስም በዚሁ ቅጽ 3520 ላይ የራሱ ክፍል አለው። አንድ አሜሪካዊ ሰው አሜሪካዊ ካልሆነ ግለሰብ ወይም ከውጭ አገር ውርስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ከተቀበለ ማስታወቅ አለበት፤ ዝምድና ያላቸው ሰጪዎች የሰጡት ተደምሮ ይታያል፤ ማለትም አባት 60,000፣ እናት 50,000 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ ቢሰጡ ድምሩ ከወሰኑ ያልፋል። በስጦታው ላይ ተቀባዩ የገቢ ግብር አይከፍልም፤ ካላስታወቀ ግን በየወሩ 5 በመቶ እየተቆጠረ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቅጣት ይጣልበታል። እዚህ ላይ የብር ምንዛሪ ትልቅ ቦታ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር በነበረበት ጊዜ የ10 ሚሊዮን ብር ውርስ ከ175,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ዶላሩ 125 ብር በሆነበት ጊዜ ያው 10 ሚሊዮን ብር 80,000 ዶላር ብቻ ይሆናል። በነቀምቴ የተሸጠ አንድ የአባት ቤት የሚታወቅ ወይም የማይታወቅ የሚሆነው ገንዘቡ በደረሰበት ቀን በነበረው ዋጋ ስለሆነ፣ ውርሱ የተከፋፈለበትን ቀን፣ የፍርድ ቤቱን የወራሽነት ማረጋገጫና የባንኩን የምንዛሪ ወረቀት ሳይጠፋ ማኖር ያስፈልጋል። አይ.አር.ኤስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በዘገየ የስጦታና የውርስ ማስታወቂያ ላይ ቅጣትን ያለ ምርመራ ወዲያውኑ መጣሉን እንደሚያቆምና የቀረበውን ምክንያት አስቀድሞ እንደሚመለከት ማስታወቁ ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ትልቅ እፎይታ ነው።

ከአደራው ጎን ለጎን የባንክ ሂሳብ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ ኤፍባር ተብሎ የሚጠራው ማስታወቂያ፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የአንድ ሰው ሂሳቦች ድምር በዓመቱ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ መቅረብ አለበት። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በአዋሽ ባንክ ወይም በኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ የተከፈተ የዲያስፖራ ሂሳብ በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ከእናት ጋር በጋራ የተከፈተ ሂሳብም ይገባል፤ ገንዘቡ የሰውዬው ባይሆንም የማንቀሳቀስ ፊርማ ካለው ይገባል። አንዱ የትውልድ መንደሩ ትምህርት ቤት ማሠሪያ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ፣ ሌላው የቤተሰቡ ዕቁብ ፈራሚ ከሆነ ሁለቱም ይህ ግዴታ ሊኖርባቸው ይችላል። በዚህ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በቢትነር ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ሊታወቅ ይገባዋል፤ በሩማንያ የተወለደ፣ በአሜሪካ ዜግነት የወሰደና ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ የሠራ ሰው 272 ሂሳቦችን በ5 ዓመት ማስታወቂያዎች ባለማስታወቁ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ ሳለ፣ ፍርድ ቤቱ ሆን ተብሎ ላልተደረገ ጥፋት ቅጣቱ በየሂሳቡ ሳይሆን በየማስታወቂያው ይቆጠራል ብሎ በ5 ለ 4 ድምፅ በመወሰኑ ቅጣቱ ወደ 50,000 ዶላር ወረደ። ወደ አገሩ የሚመለስ ማንኛውም የወለጋ ተወላጅ ከዚህ ሰው ታሪክ ጋር የሚመሳሰል ነገር በራሱ ላይ ሊያገኝ ይችላል። ካናዳም የራሷ ቅጾች አሏት፤ ወጪው ከ100,000 የካናዳ ዶላር በላይ የሆነ የውጭ ንብረት፣ ለውጭ አደራ የተሰጠና ከውጭ አደራ የተገኘ ሁሉ በየራሱ ቅጽ ይታወቃል።

ነገሩ በተገላቢጦሽ ሲሆን፣ ማለትም በሚኒሶታ የተቋቋመ አሜሪካዊ አደራ ተጠቃሚ በነቀምቴ የሚኖሩ እናት ሲሆኑ፣ ግዴታው ሌላ መልክ ይይዛል። ባለአደራው ከአሜሪካ ምንጭ ከተገኘ የአክሲዮን ትርፍና የመሳሰለ ገቢ ለእናት ሲያከፋፍል፣ በመርህ ደረጃ 30 በመቶ ቀንሶ ለመንግሥት ገቢ ማድረግና መግለጫ መስጠት አለበት፤ ለዚህም እናት አሜሪካዊ አለመሆናቸውን የሚያረጋግጡበትን ደብሊው-8ቤን የሚባል ቅጽ ፈርመው እንዲልኩ ይጠየቃሉ። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ የ30 በመቶውን መጣኔ ዝቅ የሚያደርግ ነገር የለም። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪ የሆነን ሰው በየትም አገር ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ይጠይቀዋል፤ ነዋሪ የሚባለውም በኢትዮጵያ መኖሪያ ያለው ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀናት በላይ በአገሩ የቆየ ነው። በስጦታና በውርስ የተገኘ ሀብት ከግብር ነጻ ቢሆንም፣ ያ ሀብት ከዚያ በኋላ የሚያፈራው ወለድ፣ ኪራይ ወይም የአክሲዮን ድርሻ ነጻ አይደለም። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሎ መጣኔዎቹ ስለተለወጡ፣ የቆየ ማብራሪያ ይዞ መሄድ አይበቃም። የኢትዮጵያ ሕግ እንደ አሜሪካው ስለ ውጭ አገር አደራ ብቻ የሚናገር ሰፊ ምዕራፍ ስለሌለው፣ ለእናት የተላከው ገንዘብ ስጦታ ነው፣ ውርስ ነው፣ ወይስ የኢንቨስትመንት ገቢ የሚለውን መለየት የሚቻለው ላኪው በሚሰጠው የጽሑፍ መግለጫ ነው፤ እናትም ከገንዘቡ ጋር ይህን መግለጫ መጠየቅ መብታቸው ብቻ ሳይሆን መጠበቂያቸው ነው።

ኪራዩ በነቀምቴ ሲሰበሰብ ሰንጠረዥ “ለ” በሚባለው የኪራይ ገቢ ግብር ክፍል ግብር ይከፈልበታል። ወንድም ይህን ግብር በራሱ ስም ሲከፍል የአሜሪካው ልጅ ያው ኪራይ በአሜሪካም ገቢው ሆኖ ይቆጠርበታል፤ በኢትዮጵያ የከፈለውን ግብር ከአሜሪካው ላይ የሚያቀናንሰው በቅጽ 1116 ሲሆን፣ ለዚህም የግብር ደረሰኙ ማስረጃው ነው። ደረሰኙ በወንድም ስም በሆነ ጊዜ፣ ወንድም የከፈለው ስለ ልጁ መሆኑን የሚያሳየው ያ ቀደም ሲል የተነሳው የጽሑፍ ስምምነት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚሄድ፣ የአሜሪካው ደግሞ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚቆጠር ስለሆነ፣ ደረሰኙን በዓመት ሳይሆን በወር በወር ማሰባሰብ፣ ኪራዩንም በየወሩ መመዝገብ ሥራውን ያቀልለዋል። የጡብ፣ የሲሚንቶና የሠራተኛ ወጪ ደረሰኝም ከቤቱ ሽያጭ ጊዜ በፊት ቢጠፋ፣ ቤቱ የፈጀው ዋጋ የሚረጋገጥበት ነገር አይኖርም።

ያለፉትን ዓመታት ሳያስታውቅ የቆየ ሰው የሚሄድበት በር ዝግ አይደለም። ሆን ብሎ ያልደበቀ ሰው የቀሩትን ማስታወቂያዎች በቀላል ሥርዓት የሚያቀርብበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሮ በ2014 የተስፋፋ አሠራር አለ፤ የሦስት ዓመት የግብር ማስታወቂያና የስድስት ዓመት የባንክ ሂሳብ ማስታወቂያ ከነምክንያቱ ይቀርባል፤ ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር ሰው ሥርዓቱ የሚጠይቀውን ካሟላ ከቅጣት ይድናል፤ በአሜሪካ የሚኖረው ደግሞ በተወሰነው ሀብት ላይ የ5 በመቶ ክፍያ ይከፍላል። በአደራ ጉዳይ በቂ ምክንያት ያለው ሰውም ቅጣቱ ሊነሳለት ይችላል፤ ነገር ግን የሌላው አገር ሕግ መረጃ እንዳይሰጥ ይከለክላል የሚለው ክርክር በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ሕጉ በግልጽ ጽፎታል። ስለዚህ “ከኢትዮጵያ ወረቀት ማግኘት አልቻልኩም” ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ወረቀቱን የጠየቀበትን ደብዳቤ፣ የጠየቀበትን ቀን፣ በነቀምቴ ያለው ዘመዱም በየመሥሪያ ቤቱ ሄዶ ያገኘውን መልስ አብሮ ማያያዝ ይጠበቅበታል።